የባሕር አዕዋፍን የደም ጥገኞች በማይክሮስኮፕ የመለየት ታሪክ

መግቢያ

የሰው ወባ በምን እንደሚመጣና በምን እንደሚተላለፍ የተገለጠበት ታሪክ በብዙ መጻሕፍት ተጽፏል። በዚያ ታሪክ ውስጥ የወፎች ደም ትልቅ ድርሻ እንደ ነበረው የሚያስታውሱ ግን ጥቂቶች ናቸው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ከወፎች መካከል የባሕር አዕዋፍን መርጠን፥ በደማቸው ውስጥ የሚኖሩት ጥገኛ ተሕዋስያን ዝርያቸው በማይክሮስኮፕ እንዴት ሲለይ እንደ ቈየ ከመጀመሪያው አንሥተን ለመከታተል እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የባሕር አዕዋፍን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የብዙዎቹ የባሕር አዕዋፍ ደም ቢመረመር ጥገኛ አይገኝበትም። ለዚህም ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ፥ መኖሪያቸው ነፋስና ጨው የሚበዛበት ደሴትና ገደል ስለ ሆነ ደም የሚመጡት ቢምቢዎችና ትንኞች በዚያ እምብዛም አለመገኘታቸው ነው። ስለዚህ በአንድ የባሕር ወፍ ደም ውስጥ ጥገኛ ሲታይ፥ ይህ ጥገኛ ምንድር ነው? ማንስ አመጣው? የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይነሣል። ቁጥሩ በተመናመነ ወፍ ላይ ሲሆን ደግሞ ጥያቄው የስም ክርክር ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ አንዱ ጥገኛ ወፉን ሳይጎዳ አብሮት የሚኖር ሲሆን፥ በመልክ የሚመስለው ሌላው ግን ሊገድለው ይችላልና።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። ይኸውም የጥገኛው ዝርያ መታወቅ ያለበት በራሱ መልክና ጠባይ እንጂ በተገኘበት ወፍ ስም አለመሆኑን፥ ይህም መልክን የመመርመር ሥራ በዲ.ኤን.ኤ. ዘመን እንኳ ያልተሻረ መሆኑን ነው።

ያለ ማቅለሚያ የተመለከቱ ሰዎች

ፈረንሳዊው የጦር ሠራዊት ሐኪም አልፎንስ ላቭራን በአልጄሪያ በኮንስታንቲን ከተማ በ1880 ዓ.ም. ኅዳር ወር የአንድ ወታደር ደም ሲመረምር፥ ከአንድ ክብ አካል ላይ ቀጫጭን ክሮች ወጥተው ሲወራጩ አየ። ይህ በወባ በሽተኛ ደም ውስጥ ሕይወት ያለው ጥገኛ መኖሩን ያስረዳ የመጀመሪያው ምልከታ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በካርኮቭ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ቫሲሊ ዳኒሌቭስኪ በወፎችና በደረታቸው በሚሳቡ እንስሳት ደም ውስጥ ተመሳሳይ አካላት አገኘ። ሥራውንም ሰብስቦ በ1889 ዓ.ም. በፈረንሳይኛ አሳተመ። የወፎች የደም ጥገኞች ጥናት ከዚህ ይጀምራል ለማለት ይቻላል።

ሁለቱም ሰዎች የተመለከቱት ቀለም ያልነካውን ትኩስ ደም ነበረ። እንዲህ ባለ ደም ውስጥ ጥገኛው ከሕዋሱ ጋር ተመሳስሎ ስለሚቀመጥ በግልጽ የሚታየው ነገር ጥቂት ነው። እንቅስቃሴው ይታያል፤ ከዚህም ሌላ በሰውነቱ ውስጥ የተበተኑት ቡናማ ወይም ጥቁር ቅንጣቶች ይታያሉ። እነዚህ ቅንጣቶች ጥገኛው የደሙን ሄሞግሎቢን በልቶ የሚያስቀረው ዝቃጭ ናቸው። ላቭራንንም ሆነ ዳኒሌቭስኪን የመሩት እነርሱ ሲሆኑ፥ እስከ ዛሬ ድረስ አንድ መርማሪ በመጀመሪያ የሚፈልገው ምልክት እነዚሁ ናቸው።

ቀጥሎ የመጣው የስም አወጣጥ ዘመን ነው። ክሩዜ የተባለው ሊቅ በ1890 ዓ.ም. አንዱን ወገን ሄሞፕሮቴየስ ብሎ ጠራው። ላቤ የተባለው ፈረንሳዊ ደግሞ በ1894 ዓ.ም. ሃልቴሪዲየም የሚል ስም አወጣ፤ ቃሉ የተወሰደው ስፖርተኞች ከሚያነሡትና ሁለቱ ጫፎቹ ከወፈሩት የክብደት ብረት ስም ነው። ጥገኛው የሕዋሱን አስኳል ከጎን አቅፎ በሁለቱ ጫፎች ሲወፍር ይህን ብረት ይመስላልና ስሙ ከመልኩ የወጣ ነው። በኋላ በቀዳሚነቱ የጸናው ሄሞፕሮቴየስ የሚለው ስም ሆነ።

በ1897 ዓ.ም. በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርታቸውን ይከታተሉ የነበሩት ዊልያም ማክካለምና ዩጂን ኦፒ የቁራንና የሌሎች ወፎችን ደም መረመሩ። ላቭራን ያያቸው የሚወራጩ ክሮች ምን እንደ ሆኑ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ያከራክር ነበር፤ ሕዋሱ ሲሞት የሚያሳየው መንፈራገጥ ነው የሚሉም ነበሩ። ማክካለም ግን ከክሮቹ አንዱ ተላቆ ወደ ሌላ ጸጥ ያለ ክብ አካል ሲገባና ሁለቱ ሲዋሐዱ በዐይኑ ተመለከተ። ስለዚህ ክሮቹ የጥገኛው ወንዴ ዘር መሆናቸው ታወቀ። ይህን ያህል ከባድ ጥያቄ በተማሪዎች ምርመራ መፈታቱ ለእኛ ለተማሪዎች የሚያበረታታ ነገር ነው።

በሚቀጥለው ዓመት በ1898 ዓ.ም. ሮናልድ ሮስ በካልካታ በድንቢጥና በሌሎች ትንንሽ ወፎች ላይ ሠርቶ የወፍ ወባ በቢምቢ እንደሚተላለፍ አረጋገጠ። በ1906 ዓ.ም. ደግሞ በአልጄሪያ የሚሠሩት ወንድማማቾቹ ኤድሞንና ኤቲየን ሰርዣን የርግብ ሄሞፕሮቴየስ የሚተላለፈው በቢምቢ ሳይሆን በርግቧ ላባ ውስጥ እየተሽሎከለከ ደሟን በሚመጥ ጠፍጣፋ ዝንብ መሆኑን አሳዩ። በማይክሮስኮፕ ሥር የሚታየው የመልክ ልዩነት የአኗኗር ልዩነትን የሚያመለክት መሆኑ በዚህ ተገለጠ። እንግዲህ መልክን መለየት ማለት አስተላላፊውን ለማወቅ መንገድ መያዝ ማለት ሆነ።

ማቅለሚያው ያመጣው ለውጥ

ሩሲያዊው ሐኪም ዲሚትሪ ሮማኖቭስኪ በ1891 ዓ.ም. ሜቲሊን ብሉና ኢዮሲን የተባሉትን ሁለት ማቅለሚያዎች በማቀላቀል የጥገኛውን ሰውነት ሰማያዊ፥ አስኳሉን ደግሞ ቀይ ወደ ሐምራዊ የሚወስድ ቀለም ማስያዝ ቻለ። ይህ ድብልቅ ግን አንዳንድ ጊዜ ሲሳካ ሌላ ጊዜ የሚበላሽ ነበር። በሃምቡርግ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ጉስታቭ ጊምዛ አሻሽሎ በ1904 ዓ.ም. ያቀረበው ማቅለሚያ ግን ሁልጊዜ ተመሳሳይ ውጤት የሚሰጥ በመሆኑ በዓለም ሁሉ ተሠራጨ፤ ዛሬም በየላቦራቶሪው በስሙ ይጠራል።

የዚህ ጥቅም ሁለት ነው። አንደኛው፥ በትኩሱ ደም ተደብቆ ይኖር የነበረው የጥገኛው አስኳል በግልጽ መታየቱ ነው። በዚህም ወንዴውና ሴቴው ተለዩ፤ ሴቴው ጠለቅ ያለ ሰማያዊ ሆኖ አስኳሉ ትንሽና የተሰበሰበ ሲሆን፥ ወንዴው የገረጣ ሆኖ አስኳሉ ሰፊና የተበተነ ነው። ሁለተኛው፥ ደሙ በመስታወት ላይ በሥሡ ተቀብቶ በአየር ከደረቀና በአልኮል ከጸና በኋላ ለብዙ ዓመታት ሊቀመጥ መቻሉ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በአንድ ደሴት ላይ የቀባውን ደም ሌላ ሰው በሌላ አገር፥ ምናልባትም ከሃምሳ ዓመት በኋላ፥ አንሥቶ ሊመረምረውና የፊተኛውን ፍርድ ሊያጸናው ወይም ሊያፈርሰው ይችላል።

መለያ ምልክቶቹ

ወደ ባሕር አዕዋፍ ከመሄዳችን በፊት መርማሪው ምን ምን እንደሚመለከት በአጭሩ መግለጽ ይገባናል። መጀመሪያ መታወስ ያለበት ነገር የወፍ ቀይ የደም ሕዋስ እንደ ሰው አለመሆኑ ነው። የሰው ቀይ ሕዋስ ክብና አስኳል የሌለው ሲሆን፥ የወፍ ሕዋስ ሞላላ ሆኖ በመካከሉ አስኳል አለው። ስለዚህ በወፍ ደም ውስጥ የሚገባ ጥገኛ ያን አስኳል ወይ ያቅፈዋል፥ ወይ ይገፋዋል፥ ወይ ሳይነካው በጎኑ ይቀመጣል። ከመለያዎቹ ብዙዎቹ ከዚህ የሚወጡ ናቸው።

የመርማሪው የመጀመሪያ ጥያቄ፥ ጥገኛው ቡናማ ቅንጣት አለው ወይስ የለውም? የሚል ነው። ፕላስሞዲየምና ሄሞፕሮቴየስ ቅንጣት አላቸው፤ ሉኮሳይቶዙን ግን የለውም። ሉኮሳይቶዙን በዚህ ላይ ያደረበትን ሕዋስ እጅግ ያበላሸዋል፤ ሕዋሱ ያብጣል፥ አስኳሉም ወደ ዳር ተገፍቶ ይጨፈለቃል። ባቤዚያ የተባለውም ትንሽ ጥገኛ ቅንጣት የለውም፤ እርሱ ግን በቀይ ሕዋሱ ውስጥ ለአራት ተከፍሎ እንደ መስቀል ወይም እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ሲገኝ ይታወቃል።

ሁለተኛው ጥያቄ፥ ቅንጣት ያለው ጥገኛ በደም ውስጥ ይከፋፈላል ወይስ አይከፋፈልም? የሚል ነው። የወባው ወገን ፕላስሞዲየም በቀይ ሕዋሶች ውስጥ ተከፋፍሎ ይበዛል። ሄሞፕሮቴየስ ግን የሚከፋፈለው በሳንባና በሌሎች የውስጥ ብልቶች ሲሆን፥ በደም ውስጥ የሚታየው ለመራባት የተዘጋጀው ወንዴና ሴቴ ብቻ ነው። እንግዲህ በስላይዱ ላይ አንድ እንኳ ተከፋፋይ ቅርጽ ቢገኝ ነገሩ ወባ ነው። ካልተገኘ ግን የለም ለማለት አያስደፍርም፤ ብዙ ሕዋሶችን በትዕግሥት መቁጠር ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ የዝርያ ምልክቶች ይመጣሉ። ጥገኛው አስኳሉን በከፊል ነው ወይስ ዙሪያውን የሚከበው? የሰውነቱ ጠርዝ ለስላሳ ነው ወይስ የተሸነቆረ? ቅንጣቶቹ ስንት ናቸው? ክብ ናቸው ወይስ እንደ ዘንግ የረዘሙ? የተበተኑ ናቸው ወይስ በአንድ ስፍራ የተከማቹ? ሕዋሱስ መጠኑ ተለውጧል? በ1972 ዓ.ም. ቤኔትና ካምቤል የተባሉ ሊቃውንት አስኳሉ ከመካከል ምን ያህል እንደ ተገፋ በቁጥር የሚገለጥበትን ዘዴ አቀረቡ፤ በዚህ ዘዴ አስኳሉ ከቦታው ካልተነቃነቀ ቁጥሩ 1 ይሆናል፥ ፈጽሞ ወደ ዳር ከተገፋ ወደ 0 ይጠጋል። እንዲህ ያለ ቁጥር፥ "ትንሽ ተገፍቷል" እያሉ በግምት ከመናገር የሚያድን ነው።

ነገር ግን ዐይን ሊታለል ይችላል። የማቅለሚያው ዝቃጭ በስላይዱ ላይ ሲቀር የጥገኛውን ቅንጣት ይመስላል። ደሙ ሳይደርቅ ቢዘገይ ደግሞ ወንዴውና ሴቴው አየር ሲነካቸው በቢምቢ ሆድ ውስጥ የገቡ ያህል ይለወጡና ሞላላው ቅርጽ ክብ ይሆናል። ይህን ያላወቀ መርማሪ በሥራው ስንፍና የመጣውን ቅርጽ አዲስ ዝርያ ብሎ ሊሰይመው ይችላል።

ምርመራው ወደ ባሕር አዕዋፍ ሲደርስ

ከላይ የተጠቀሱት ምልክቶች የተደራጁት በአብዛኛው በርግብ፥ በቁራ፥ በድንቢጥና እነርሱን በመሰሉ የየብስ ወፎች ደም ላይ ነው። የባሕር አዕዋፍ ተራ ዘግይቶ መጣ። ፋንታምና ፖርተር በ1944 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት በአራት የፔንግዊን ዝርያዎች ደም ውስጥ ያዩትን የወባ ጥገኛ ገለጡ። ይህ ጥገኛ በየብስ ወፎች ዘንድ ከታወቀው ፕላስሞዲየም ሬሊክተም ጋር አንድ ዝርያ መሆኑን ቢቀበሉም፥ በፔንግዊን ስለ ተገኘ በፔንግዊን ቤተሰብ ስም የተለየ ቅርንጫፍ አድርገው ሰየሙት። ወባ ለፔንግዊን ምን ያህል አስጊ እንደ ሆነ በየአገሩ የእንስሳት ማሳያ ቦታዎች በደረሰው ሞት ታውቋል፤ ከቅዝቃዜና ከባሕር ነፋስ አገር መጥተው ቢምቢ ባለበት ስፍራ የሚቀመጡት ፔንግዊኖች በሽታውን የመቋቋም ኀይላቸው አነስተኛ ነው።

በ1976 ዓ.ም. ፋሊስ፥ ቢሴትና አሊሰን በኒው ዚላንድ በፊዮርድላንድ ጉትያማ ፔንግዊን ደም ውስጥ አዲስ ሉኮሳይቶዙን አግኝተው ሉኮሳይቶዙን ታዋኪ አሉት፤ ታዋኪ የማዎሪ ሕዝብ ያን ፔንግዊን የሚጠራበት ስም ነው። በ1996 ዓ.ም. ወርክና ራሜየር በሃዋይ ፍሪጌት በሚባለው ረጅም ክንፍ ባለው የባሕር ወፍ ደም ውስጥ ሄሞፕሮቴየስ ኢዋን ገለጡ፤ ኢዋም የዚሁ ወፍ የሃዋይ ስሙ ነው። እነዚሁ ሁለት ሰዎች በሚቀጥለው ዓመት በ1997 ዓ.ም. ቡቢ በሚባለው ዓሣ አጥማጅ ወፍ ደም ውስጥ ባቤዚያ ፖሌያን፥ ሜሪኖ የተባለው እስፓኛዊ ደግሞ በ1998 ዓ.ም. በሜዲቴራኒያን ባሕር በቤኒዶርም ደሴት ከሚኖሩት ቢጫ እግር ጋሎች ደም ባቤዚያ ቤኔቲን ገለጡ። ባቤዚያ ትንሽ በመሆኑ ለጋ ፕላስሞዲየምን ይመስላል፤ የሚያለያያቸው የቅንጣቱ አለመኖርና ለአራት የመከፈል ጠባዩ ነው።

ስምና ባለቤት

እዚህ ላይ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጥያቄ ይነሣል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በጎርደን ቤኔት መሪነት በካናዳ በኒውፋውንድላንድ የወፍ ደም ስላይዶች ከብዙ አገር ተሰብስበው ይመረመሩ ነበር። በየአገሩም ጥናት ይደረግ ነበር፤ ለምሳሌ አሽፎርድ፥ ፓልመር፥ አሽና ብሬይ በ1976 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ወፎች የደም ጥገኞች የሚመለከት አጠቃላይ ጥናት አሳትመዋል። ከዚህ ሁሉ ብዛት የተነሣ ሥርዐት ማበጀት ግድ ሆነ። በተለይ ለሄሞፕሮቴየስ የተሰጠው ሥርዐት፥ አንድ ዝርያ ከአንድ የወፍ ቤተሰብ አያልፍም የሚል ነበር። እንግዲህ በአዲስ የወፍ ቤተሰብ የተገኘ ጥገኛ አዲስ ስም ያገኛል፤ በታወቀው ቤተሰብ የተገኘው ደግሞ የታወቀውን ስም ይወርሳል ማለት ነው።

ይህ ሥርዐት ፈጽሞ ስሕተት ነበር አንልም። ሄሞፕሮቴየስ በእርግጥ ከፕላስሞዲየም ይልቅ በአስተናጋጁ ወፍ የተወሰነ ነው፤ ሥርዐቱም የስሞችን መብዛት ለጊዜው ገትቷል። ነገር ግን ምልክትን ከማየት በፊት ባለቤቱን መጠየቅ ልማድ ሲሆን ዐይን ይሰንፋል። ባለ ቤቱ ስለ ታወቀ እንግዳውም ታወቀ ማለት አይደለምና።

የጋል ወፎች ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በጋሎች ደም ሄሞፕሮቴየስ ላሬ የተባለ ዝርያ ከዚህ በፊት ታውቆ ነበር። ሌቪንና ባልደረቦችዋ በጋላፓጎስ ደሴቶች ጅራቱ እንደ ወንጭፍ ወፍ በተሰነጠቀው ጋል ደም ውስጥ ሄሞፕሮቴየስ ሲያገኙ፥ በቀድሞው ሥርዐት ቢሄዱ ኖሮ ላሬ ነው ብለው ባለፉት ነበር፤ ሁለቱም የሕዋሱን አስኳል ዙሪያውን ከበው ሕዋሱን የሚሞሉ ናቸውና። ሲመረምሩት ግን ልዩነት አገኙ። በአዲሱ ጥገኛ ለጋው ቅርጽ ጠርዙ ያልተስተካከለ ነው፤ የሴቴው አስኳል የተበተነ ነው፤ ቅንጣቶቹ መጠናቸውና ቅርጻቸው አንድ ዐይነት ሆኖ እንደ ዘንግ የረዘመ የለባቸውም። ከሁሉም በላይ ያደረበት ሕዋስ በወርዱ አብጦ ክብ ወደ መሆን ይሄዳል፤ በላሬ ግን ይህ አይታይም። ስለዚህ በ2012 ዓ.ም. ሄሞፕሮቴየስ ጄኒኤ ተብሎ ተሰየመ። አንድ የወፍ ቤተሰብ ሁለት ዝርያ ሊያስተናግድ እንደሚችልና ይህንንም በማይክሮስኮፕ ማወቅ እንደሚቻል በዚህ ታየ።

ዐይንና ዲ.ኤን.ኤ.

በ2000 ዓ.ም. ገደማ የጥገኞችን ዲ.ኤን.ኤ. ከወፍ ደም አውጥቶ የማንበብ ዘዴ ተስፋፋ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የስዊድን የሉንድ ሊቃውንት ያሉበት ቡድን ማልአቪ የተባለውን የዘር መዝገብ አቋቋመ። በመልካቸው ተገልጠው ስም ያገኙት የወፍ ወባና የቅርብ ዘመዶቹ ዝርያዎች ከ200 በላይ ሲሆኑ፥ በዲ.ኤን.ኤ. የተመዘገቡት ሐረጎች ግን ብዙ ሺሕ ደርሰዋል። ከዚህ የተነሣ የማይክሮስኮፕ ዘመን አልፏል የሚሉ አልጠፉም።

በእርግጥ ዲ.ኤን.ኤ. ዐይን የማይደርስበትን አሳይቷል። ቀድሞ በዝንብ የሚተላለፈው የሄሞፕሮቴየስ ነገድ በርግብ ወገን ብቻ የተወሰነ ነው ይባል ነበር። በ2011 ዓ.ም. የታተመው የጋላፓጎስ ጥናት ግን የፍሪጌት ወፍ ጥገኛ ኢዋ ከዚሁ ነገድ መሆኑን ገለጠ፤ የጥገኛውም ዲ.ኤን.ኤ. ኦልፈርሲያ ስፒኒፌራ በተባለው የፍሪጌት ዝንብ ደረት ውስጥ ተገኘ። በነፋሻ ደሴት ላይ ቢምቢ ሳይኖር ጥገኛ እንዴት ሊኖር ቻለ? ለሚለው ጥያቄ ይህ መልስ ነው፤ አስተላላፊው በላባ ውስጥ አብሮ የሚበር ነውና።

ይሁን እንጂ የጋላፓጎስ ፔንግዊን ታሪክ የዲ.ኤን.ኤ.ንም ወሰን ያሳያል። ይህ ፔንግዊን ከዚያ ደሴት በቀር በሌላ ቦታ የማይኖርና ቁጥሩ ጥቂት የሆነ ወፍ ነው። በሃዋይ የሆነውን የሚያውቁ ሁሉ ለእርሱ ይሰጋሉ፤ በዚያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቢምቢ በመርከብ ከገባ በኋላ የወፍ ወባ የአገሩን ልዩ ወፎች ክፉኛ ጨርሷልና። ያው የቢምቢ ዝርያ በ1980ዎቹ ዓመታት በጋላፓጎስ መገኘቱ ታወቀ። በ2009 ዓ.ም. ሌቪንና ባልደረቦችዋ የፕላስሞዲየም ዲ.ኤን.ኤ. በፔንግዊኖቹ ደም ውስጥ መገኘቱን አስታወቁ።

ታዲያ ወባው በፔንግዊኖቹ መካከል ከአንዱ ወደ አንዱ ይተላለፋል ወይስ ከሌላ ወፍ መጥቶ በእነርሱ ላይ ይቆማል? ዲ.ኤን.ኤ. የሚነግረን የጥገኛው ዘር በደሙ ውስጥ መኖሩን ብቻ ነው። ቢምቢ ከአንድ ወፍ ወደ ሌላው ወባ ልታስተላልፍ የምትችለው ግን ለመራባት የተዘጋጁት ወንዴና ሴቴ ቅርጾች በደሙ ውስጥ ሲኖሩ ነው፤ እነርሱንም ሊያሳይ የሚችለው ስላይድ ነው። በ2013 ዓ.ም. በታተመው ቀጣይ ጥናት በደሴቶቹ ነዋሪ ወፎች ስላይዶች እነዚህ ቅርጾች ስላልታዩ፥ ነዋሪዎቹ ወፎች ለጥገኛው መጨረሻው የተዘጋ መንገድ ሊሆኑ እንደሚችሉ፥ ወባውንም ከውጭ የሚያመጡት ተሻጋሪ ወፎች እንደሚሆኑ ተገመተ። የአንድን ወፍ ጥበቃ የሚመለከት ይህን ያህል ትልቅ ግምት የተመሠረተው ከመቶ ዓመት በላይ ባስቈጠረው በጊምዛ ቀለምና በመርማሪው ትዕግሥት ላይ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው የባሕር አዕዋፍን የደም ጥገኞች የመለየት ታሪክ በሦስት ደረጃ ሊከፈል ይችላል። በመጀመሪያው ደረጃ የታየው እንቅስቃሴና ቅንጣት ነው፤ በሁለተኛው ማቅለሚያው አስኳልንና ጾታን ገለጠ፤ በሦስተኛው ዲ.ኤን.ኤ. ዝምድናን አሳየ። እያንዳንዱ ደረጃ በፊተኛው ላይ ተጨመረ እንጂ አልሻረውም። ዲ.ኤን.ኤ. የጥገኛውን ዘመዶች ሲነግረን፥ ማይክሮስኮፕ ደግሞ ጥገኛው በዚያ ደም ውስጥ ምን እየሠራ እንዳለ ይነግረናል።

በታሪኩ ውስጥ ብዙ ጉዳት ያመጣው ከሁለቱ አንዱ ሳይሆን ስላይዱን በሚገባ ሳያዩ በወፉ ስም መፍረድ ነበር። ስለዚህ በባዮሎጂ ትምህርት ክፍሎች የደም ቅብ አሠራርና የስላይድ ንባብ እንደ አሮጌ ጥበብ ተቈጥሮ እንዳይቀር፥ የተሠሩትም ስላይዶች የወፉ ስም፥ ቦታውና ቀኑ ተጽፎባቸው በጥንቃቄ እንዲቀመጡ ይገባል እንላለን። ዛሬ ያልታወቀውን ጥገኛ ነገ የሚያውቀው ሰው የሚፈልገው ይህንኑ ነውና።